ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤክስ ክላስዊዝ፦ አካፋይ የሚያወጣው ቁልፍና የሚያሳስተው ቅንፍ

ይህ ግምገማ የካልኩሌተሩን አንድ ቁልፍ ብቻ የሚመለከት ነው። ኤፍኤክስ-991ኢኤክስ እንደ አምራቹ ቆጠራ 552 ተግባራት አሉት፤ ስለ ማትሪክሱም ሆነ ስለ ስታቲስቲክሱ ብዙ ተብሏል። አካፋይን፣ ብዜትንና ብቸኛ ቁጥርን የሚያስተምር፣ ፈተና የሚያወጣ ወይም የሚማር ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሙሉ ቁጥር ስሰጠው በብቸኛ አካፋዮቹ፣ ማለትም በፕራይም ቁጥሮች፣ በትክክል ይተነትንልኛል ወይ? ከአንድ ሚሊዮን በታች ለሆነ ቁጥር ያለ ምንም ስጋት ይተነትናል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን አንዳንዴ የመልሱን ከፊል በቅንፍ ውስጥ ትቶት ያልፋል። የቅንፉን ትርጉም ያላወቀ ሰው የተሳሳተ መልስ ጽፎ ይወጣል፤ ስህተቱ የሚገኘው ደግሞ ማሽኑ ላይ ሳይሆን አነባበቡ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በካልኩሌት ሞድ ውስጥ ሆነው ቁጥሩን ይጻፉና እኩል ይሆናል የሚለውን ይጫኑ። ቁጥሩ መልስ ሆኖ በስክሪኑ በስተቀኝ ከታየ በኋላ ሺፍትን፣ ቀጥሎም የዲግሪ-ደቂቃ-ሰከንድ ምልክት (° ′ ″) ያለበትን ቁልፍ ይጫኑ። ከቁልፉ በላይ በቢጫ «ፋክት» የሚል ጽሑፍ አለ። 1014ን ከሰጡት 2 × 3 × 13² ያወጣል። ወደ ቁጥሩ ለመመለስ እኩል ይሆናልን ወይም ያንኑ ሺፍትና ፋክት ደግመው ይጫኑ። ጀማሪዎችን የሚያደናግራቸው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ፋክት የሚሠራው እኩል ይሆናል ከተጫነ በኋላ በወጣ መልስ ላይ እንጂ ገና እየተጻፈ ባለ ቁጥር ላይ አይደለም። የተተነተነውን መልስ በሌላ ስሌት ውስጥ ማስገባትም አይቻልም፤ ለማየት ብቻ ነው።

የሚቀበለው እስከ 10 አሃዝ ያለው አዎንታዊ ሙሉ ቁጥር ነው። ክፍልፋይ፣ አሥርዮሽና አሉታዊ ቁጥር አይተነትንም። ወሰኑን በፋክቶሪያል ማየት ይቻላል፦ 13! ማለት 6227020800 ነው፣ 10 አሃዝ ነውና 2¹⁰ × 3⁵ × 5² × 7 × 11 × 13 ብሎ ያወጣዋል። 14! ግን 87178291200 ስለሆነ፣ ማለትም 11 አሃዝ ስለሆነ፣ ፋክት አይነካውም። እንዲህ ሲያጋጥም ዘዴው ቁጥሩን አስቀድሞ በሚታወቅ አካፋይ ማካፈል ነው፤ መጨረሻው ዜሮ ከሆነ በ10፣ የአሃዞቹ ድምር በ9 ከተካፈለ በ9፣ ከዚያም የቀረውን ለፋክት መስጠትና የተካፈለበትን ቁጥር አካፋዮች ከመልሱ ጋር መልሶ ማባዛት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማሽኑ የሚሞክረው እስከ ሦስት አሃዝ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች እያካፈለ ነው። እነዚህ ከ2 እስከ 997 ያሉት 168 ቁጥሮች ናቸው። ሁሉንም አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ የሚተርፈውን ቁጥር የሚመዝነው በ1018081 ነው፤ ይህ ቁጥር የ1009 ካሬ ሲሆን 1009 ደግሞ ባለ አራት አሃዝ ከሆኑት ብቸኛ ቁጥሮች ትንሹ ነው። የተረፈው ከ1018081 ካነሰ ብቸኛ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ምክንያቱም የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ አካፋዩ ከ1009 ባነሰ ነበር፣ ያም ቀድሞ በወጣ ነበር። ስለዚህ ያለ ቅንፍ ይጽፈዋል። 1000003ን ቢሰጡት እንዳለ መልሶ ያሳያል፤ ብቸኛ ነው ማለት ነው። የተረፈው 1018081 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በቅንፍ ይከተዋል። የቅንፉ ትርጉም «እስከ 997 ሞክሬ አካፋይ አላገኘሁለትም» ነው፤ «ይህ ብቸኛ ነው» ማለት አይደለም፣ «ይህ ብቸኛ አይደለም» ማለትም አይደለም። ሁለቱም በቅንፍ ይመጣሉ። በመምሪያው ላይ ጉዳዩ በጥቂት መስመር ተነግሯል፤ መምሪያ ከሳጥኑ አውጥቶ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

የስህተቱን መጠን በአንድ ቁጥር እንየው። 4104676ን ሲተነትኑት 2² × (1026169) ይላል። ብዙ ሰው ቅንፉን እንደ ጌጥ ቆጥሮ 1026169 ብቸኛ ነው ብሎ ይጽፋል። እውነቱ 1026169 የ1013 ካሬ መሆኑ ነው። የአካፋዮችን ብዛት በአርቢዎቹ ላይ አንድ አንድ እየጨመረ በማባዛት የሚቆጥር ተማሪ ከስክሪኑ ተነስቶ 3 × 2 = 6 ይላል፤ ትክክለኛው 3 × 3 = 9 ነው። የባሰው ደግሞ ትልቁ የጋራ አካፋይ ላይ ይመጣል። 2026ን ይተንትኑት፦ 2 × 1013 ያወጣል፣ ያለ ቅንፍ። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚጋሩት 2ን ብቻ ነው ብሎ ይደመድማል። በእርግጥ ግን 4104676 የ2026 ካሬ ነው፤ ትልቁ የጋራ አካፋያቸውም ራሱ 2026 ነው። 2 እና 2026 የአጻጻፍ ልዩነት አይደሉም፣ ሙሉ ጥያቄው ከሥሩ ተበላሽቷል።

ቅንፍ ሲመጣ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የቅንፉን ቁጥር ብቻ ጽፎ ስኩዌር ሩቱን ማየት ነው። √1026169 ወዲያው 1013 ይላል፤ አለቀ። ሙሉ ቁጥር ካልወጣ ኩብ ሩቱንም ማየት አይከፋም፤ ነገር ግን ኩቡ የሚያስፈልገው የቅንፉ ቁጥር ቢያንስ 1027243729፣ ማለትም የ1009 ኩብ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ቅንፍ ወይ ብቸኛ ነው፣ ወይ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ሦስተኛ ዕድል የለም። ይህን ማወቅ ሥራውን በጣም ያቀላል።

ሁለተኛው ሙከራ ሁለቱ አካፋዮች ተቀራራቢ ከሆኑ ቶሎ የሚይዝ ነው፤ በሒሳብ ሊቁ በፌርማ ስም የፌርማ ዘዴ ይባላል። ስኩዌር ሩቱን ወደ ላይ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ካሬውን ማውጣት፣ ከካሬውም ላይ ቁጥሩን መቀነስ፣ ልዩነቱ ራሱ ካሬ መሆኑን ማየት ነው። ለምሳሌ ፋክት 1022117ን እንዳለ በቅንፍ ይመልሰዋል። ስኩዌር ሩቱ ከ1011 ትንሽ ያንሳል። 1011² ማለት 1022121 ነው፤ 1022117 ሲቀነስለት 4 ይቀራል፣ 4 ደግሞ የ2 ካሬ ነው። ስለዚህ አካፋዮቹ 1011 − 2 እና 1011 + 2፣ ማለትም 1009 እና 1013 ናቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ካልተገኘ 1012ን፣ 1013ን እያሉ ይቀጥላሉ። ይህን በሠንጠረዥ ማሠራት ይቻላል፤ እዚህ ላይ ነው ኤፍኤክስ-991ኢኤክስ ከርካሾቹ ሞዴሎች በእጅጉ የሚሻለው።

ሜኑን ተጭነው 9 ቁጥርን ሲመርጡ የሠንጠረዥ ሞድ ይከፈታል። አንድ ፎርሙላ ብቻ ከሰጡት እስከ 45 ረድፍ፣ ሁለት ከሰጡት እስከ 30 ረድፍ ያወጣል፤ ከዚያ ካለፉ የሬንጅ ስህተት ይላል። ሁለት ፎርሙላ እንዲቀበል በሺፍትና በሜኑ ወደ ሴትአፕ ገብቶ በቴብል ምርጫ ሥር ሁለቱንም፣ ኤፍንና ጂን፣ የያዘው መመረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አካፋይ ለማደን የሚያዋጣው ይህ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱ፦ ከ3 በላይ የሆነ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ከ6 ብዜት በአንድ ያንሳል ወይም በአንድ ይበልጣል። ስለዚህ በኤፍ ሥር «ቁጥሩ ÷ (6 × ኤክስ − 1)»፣ በጂ ሥር «ቁጥሩ ÷ (6 × ኤክስ + 1)» ብለው ይጻፉ። ኤክስን ለመጻፍ ራሱን የቻለ ቁልፍ አለው። መነሻውን 168፣ መድረሻውን 197፣ እርምጃውን 1 ያድርጉ። 168 የተመረጠው 6 × 168 + 1 ልክ 1009 ስለሚሆን ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ፋክት ጨርሶታል። አንዱ ሠንጠረዥ እስከ 1183 ያሉትን አካፋዮች ይፈትሻል፤ ቀጣዩን ከ198 ይጀምሩ። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ 180 ቁጥር ያህል ወደፊት ይሄዳል፤ የሚፈለገው እስከ ቅንፉ ቁጥር ስኩዌር ሩት መድረስ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ባለ 7 አሃዝ የሆነ ቅንፍ ቢበዛ 12 ሠንጠረዥ ይፈጃል። ባለ 8 አሃዝ 50 ያህል። ባለ 10 አሃዝ ከሆነ ወደ 550 ይጠጋል፤ ስለዚህ ባለ 7 አሃዙን በዚሁ ማሽን፣ 8 አሃዝና ከዚያ በላይ ያለውን ግን የቁጥሩን ጠባይ ካላወቁ በስተቀር በኮምፒውተር ይሥሩት።

ሠንጠረዡን ሲያነቡ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የሠንጠረዡ ሳጥን ጠባብ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ያለውን ይቆርጠዋል። ሙሉ ቁጥር የመሰለ ነገር ካዩ ጠቋሚውን ወስደው ሳጥኑ ላይ ያሳርፉ፤ ከስክሪኑ ሥር ሙሉው ይታያል። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ማሽኑ በውስጡ 15 አሃዝ ይዞ ያሰላል፣ የሚያሳየው ግን 10 ብቻ ነው። 2147483647ን በ2046 ያካፍሉና ይመልከቱ፤ 1049601 ብሎ ሙሉ ቁጥር ያሳያል። ነገር ግን 2046ን በ1049601 ሲያባዙ 2147483646 ይወጣል፤ በአንድ ያንሳል። ትክክለኛው ድርሻ 1049601.000488 ገደማ ነበር፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉት ዜሮ ያልሆኑ አሃዞች ከ10ኛው አሃዝ በኋላ ስለሚመጡ ተሰወሩ። መልሱ ላይ 1049601ን ቢቀንሱ ዜሮ ሳይሆን ያቺ ትንሽ ቁጥር ብቅ ትላለች። ስለዚህ አካፋይ አገኘሁ ከማለት በፊት መልሶ ማባዛት ግዴታ ነው፤ በተለይ ቁጥሩ 10 አሃዝ ሲሆን።

የቁጥሩን ጠባይ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያሳጥር በሁለት የታወቁ ቁጥሮች ላይ ማየት ይቻላል፤ ሁለቱም በዚህ ማሽን ወሰን ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው 2³² + 1፣ ማለትም 4294967297 ነው። ፌርማ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብቸኛ ነው ብሎ ያመነበት፣ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 በ641 እንደሚካፈል ያሳየው ቁጥር ነው። ፋክት 641 × (6700417) ይላል። ኦይለር የለፋበትን 641 በቅጽበት ያወጣል፤ ቅንፉ ግን ይቀራል። በተለመደው መንገድ የ6700417 ስኩዌር ሩት 2588 ገደማ ስለሆነ 9 ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ነገር ግን የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ 128 × ኤክስ + 1 የሚል መልክ እንዳላቸው የሒሳብ ሊቁ ሉካስ በ1878 አረጋግጧል፤ 641ም ራሱ 128 × 5 + 1 ነው። እንግዲያው አንድ ፎርሙላ ይበቃል፦ 6700417 ÷ (128 × ኤክስ + 1)፣ ከ8 እስከ 20። 13 ረድፍ ብቻ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ብቸኛ የሆኑት አካፋዮች 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። በ1153 ሲካፈል 334፣ በ1409 ሲካፈል 622 ይቀራል። ስለዚህ 6700417 ብቸኛ ነው፤ ቅንፉ በዚህ ጊዜ እውነተኛ ብቸኛ ቁጥር ይዞ ነበር።

ሁለተኛው 2³¹ − 1፣ ማለትም 2147483647 ነው። ማሽኑ ምንም ሳያወጣለት እንዳለ በቅንፍ ይመልሰዋል። ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ኦይለር በ1772 በደብዳቤ አሳውቋል። የተጠቀመበት ሐሳብ አካፋይ ካለው 248 × ኤክስ + 1 ወይም 248 × ኤክስ + 63 መሆን አለበት የሚል ነው። ስኩዌር ሩቱ 46340 ገደማ ነው። ሁለቱን ፎርሙላዎች በኤፍና በጂ ጽፈው ኤክስን ከ4 እስከ 186 ቢያስኬዱት 183 ረድፍ፣ ማለትም 7 ሠንጠረዥ ይሆናል። ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በኪስ ካልኩሌተር በ7 ሠንጠረዥ ማረጋገጥ፣ ያውም በተለመደው መንገድ ከ200 ሠንጠረዥ በላይ የሚፈልገውን! ለከፍተኛ ክፍል የሒሳብ ክበብ ከዚህ የተሻለ የአንድ ከሰዓት ሥራ አይገኝም።

የማሽኑ እውነተኛ ጉድለት ለትልቁ የጋራ አካፋይና ለትንሹ የጋራ ብዜት የተለየ ቁልፍ አለመኖሩ ነው። በዚህ ዋጋ ደረጃ ላለ ዕቃ ይህ መቅረት አልነበረበትም፤ ካሲዮ ራሱ ለቬትናም በሠራው ኤፍኤክስ-570ቪኤን ፕላስ ላይ ሁለቱንም፣ ከቀሪ ጋር ማካፈያን ጨምሮ፣ አስገብቷል። ማካካሻው የክፍልፋይ ቁልፍ ነው። 84ን ላዕላይ፣ 126ን ታሕታይ አድርገው እኩል ይሆናልን ይጫኑ፤ 2/3 ይላል። 84ን በተቃለለው ላዕላይ በ2 ሲያካፍሉ 42 ይወጣል፤ ትልቁ የጋራ አካፋይ ይህ ነው። 84ን በተቃለለው ታሕታይ በ3 ሲያባዙ 252፤ ትንሹ የጋራ ብዜት ይህ ነው። መንገዱ ስለ ቅንፍ ምንም አያሳስብም፤ ከላይ ያሳሳተንን 4104676 በ2026 ላይ ቢያስቀምጡት 2026 ብሎ እውነቱን ወዲያው ያወጣል። ገደቡ ግን አለ፦ በተቃለለው መልስ የላዕላዩ፣ የታሕታዩና የመለያ ምልክቱ ድምር ከ10 አሃዝ ካለፈ መልሱን በአሥርዮሽ ይሰጣል። ያን ጊዜ ወደ ጥንታዊው የኢውክሊድ ዘዴ መመለስ ነው፤ ትልቁን በትንሹ አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ፣ ትንሹን በቀሪው ማካፈል፣ ቀሪ እስኪጠፋ። 1026169 እና 1022117 ልዩነታቸው 4052 ነው፤ 1022117 በ4052 ሲካፈል 1013 ይቀራል፤ 4052 ደግሞ የ1013 አራት እጥፍ ነው። በሦስት እርምጃ 1013 ተገኘ፤ ፋክት ሁለቱንም በቅንፍ ዘግቶባቸው የነበሩ ቁጥሮች ናቸው።

ለብዜት ትምህርት ከእኛው ቤት የሚወጣ ምሳሌ የባሕረ ሐሳብ ቀመር ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍት ለምን እንደማይጠቀሙበት አይገባኝም። አራቱ ወንጌላውያን በየ4 ዓመቱ፣ የሳምንቱ ዕለታት በ7፣ ንዑስ ቀመር በ19 ዓመት ይዞራሉ። 4ና 19 የሚገናኙት በ76 ዓመት ነው፤ ማኅተም የሚባለው። 4ና 7 በ28፤ ዓውደ ፀሐይ። ሦስቱ አንድ ላይ የሚገናኙት በ532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር። 532ን ለፋክት ይስጡት፦ 2² × 7 × 19። ሦስቱም ቁጥሮች ምንም ስለማይጋሩ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ዝም ብሎ ብዜታቸው ነው፤ ተማሪ ይህን በስክሪኑ ላይ ሲያየው ሌላ ማብራሪያ አይሻም።

እዚሁ ላይ ግን ቀሪ ሲፈለግ የሚከሰት ወጥመድ አለ። 2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። 7518ን በ532 አካፍለው በሺፍት ወደ ድብልቅ ቁጥር ቢለውጡት 14 ሙሉ 5/38 ይላል። ቀሪው 5 አይደለም። ማሽኑ ክፍልፋዩን ስላቃለለው ነው፤ 5/38ን በ532 ሲያባዙ 70 ይወጣል፣ ትክክለኛው ቀሪ እሱ ነው። 70ን በ19 ሲያካፍሉ 13 ይቀራል፤ በ4 ሲያካፍሉ 2 ይቀራል፣ ዘመነ ማርቆስ። 7518ን በቀጥታ በ19ና በ4 ቢያካፍሉም ቀሪዎቹ እነዚሁ ናቸው፤ 532 የሁለቱም ብዜት ስለሆነ። ቀሪን ከድብልቅ ቁጥር ላይ የሚያነብ ሰው ታሕታዩ መጀመሪያ ያካፈለበት ቁጥር መሆኑን ሳያይ መልስ መጻፍ የለበትም።

ሌላው ነገር ቶሎ የሚነገር ነው። ስክሪኑ 192 በ63 ነጥብ ስላለው አርቢዎቹ በግልጽ ይነበባሉ። ክብደቱ 90 ግራም ነው። በፀሐይ ብርሃንና በአንድ ኤልአር44 ባትሪ ይሠራል፤ በቀን አንድ ሰዓት ለሚጠቀም ሰው ባትሪው ሁለት ዓመት ያህል ይቆያል ይላል አምራቹ። ሳይነካ ከቆየ በ10 ደቂቃ ራሱን ያጠፋል፤ ረጅም የሠንጠረዥ ሥራ ያለው ሰው በሴትአፕ ወደ 60 ደቂቃ ቢለውጠው ይሻለዋል።

ለማን ይገባል? ፈተና ለሚያወጣ መምህር፣ ለሒሳብ ክበብና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለ ማመንታት ይገባል፤ ፋክትና ሠንጠረዡ አብረው ሲሠሩ ዋጋውን ይመልሳል። የሚፈልገው የትምህርት ቤት ቁጥሮችን መተንተን ብቻ የሆነ ሰው ግን ይህን ያህል አያውጣ፤ ኤፍኤክስ-82ኢኤስ ፕላስም የፋክት ቁልፍ አለው። የቆዩት ኤፍኤክስ-82ኤምኤስና ኤፍኤክስ-991ኤምኤስ ግን የላቸውም፤ የስሙ መመሳሰል እንዳያታልልዎ ከዲግሪ ቁልፉ በላይ ያለውን የቢጫ ጽሑፍ ይመልከቱ። ተተኪው ኤፍኤክስ-991ሲደብሊው ቁልፎቹ ስለተቀያየሩ ፋክት የሚል ጽሑፍ የለውም፤ ፎርማት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ከዝርዝሩ ውስጥ ፕራይም ፋክተርን ይመርጣሉ። ለአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያ መማሪያ አድርጎ መስጠትን ግን አልመክርም። 91ን 7 × 13 ብሎ፣ 5183ን 71 × 73 ብሎ በእጁ ያላወጣ ልጅ ቁልፉ የሚሰጠውን ማጣራት አይችልም፤ ማጣራት ደግሞ የዚህ ትምህርት ግማሹ ነው። ከእጅ ሥራው በኋላ መልሱን እንዲያመሳክርበት ከሆነ ጥሩ ነው።

ካሲዮ የሚመስሉ ዕቃዎች በገበያው ላይ ስላሉ ከመግዛትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ቆመው ይሞክሩት። 1014 ሲሰጡት 2 × 3 × 13²፣ 9991 ሲሰጡት 97 × 103፣ 994009 ሲሰጡት 997²፣ 1000003 ሲሰጡት ራሱን ያለ ቅንፍ፣ 1018081 ሲሰጡት ራሱን በቅንፍ ማሳየት አለበት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለይቶ ያላሳየ ማሽን የሳጥኑ ጽሑፍ ምንም ቢል ኤፍኤክስ-991ኢኤክስ ነው ብለው አይክፈሉበት።